ሁለት መምህራን በአንድ ክፍል፦ የንባብ ባለሙያና የክፍል መምህር ጥምረት ሲፈተሽ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚያውቁት አንድ ደብዳቤ አለ። ከልጁ ቦርሳ ተጣጥፎ ይወጣል፤ አንዳንዴም በአማርኛ ተተርጉሞ ይመጣል። ልጅዎ የንባብ ድጋፍ እንዲያገኝ ተመርጧል የሚል መልእክት ነው። አንዱ ወላጅ ልጄ ሰነፍ ተባለብኝ ብሎ ይከፋዋል፤ ሌላው ተጨማሪ አስተማሪ ያለ ክፍያ ተገኘ ብሎ ደስ ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የልጁን ነገር የሚወስነው ግን ደብዳቤው ላይ የሌለ ጉዳይ ነው፤ የንባብ ባለሙያውና የክፍሉ መምህር ስለዚያ ልጅ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ ወይ?

ይህ ዳሰሳ ያንን ጥያቄ ይዞ ባለፉት ስልሳ ዓመታት የተሞከረውንና የተጠናውን ይመለከታል። ታሪኩ በዋነኛነት የአሜሪካ ነው፤ ከእንግሊዝ፣ ከዴንማርክ፣ ከሕንድና ከኬንያ የሚጨመርበት አለ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ክፍሎች እንመጣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የንባብ ባለሙያ የሚባለው ማን ነው? በአሜሪካ አሠራር አብዛኛውን ጊዜ በክፍል መምህርነት ቆይቶ፣ ከዚያ በንባብ ትምህርት በማስተርስ ደረጃ የሠለጠነና ከክፍለ ግዛቱ የሙያ ፈቃድ ያወጣ መምህር ነው። ልጁ ማንበብ ሲያቅተው ያቃተው የቱ ጋ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ሙያው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል በ2000 ባወጣው ሪፖርት የንባብ ትምህርትን በአምስት ምሰሶዎች አስቀምጦታል፦ በቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች መለየት፣ ድምፅን ከፊደል ማገናኘት፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀትና አንብቦ መረዳት። የክፍል መምህሩ አምስቱንም ለሃያና ለሠላሳ ልጆች ያስተምራል፤ ባለሙያው ከአምስቱ የትኛው እንደጎደለ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ይፈልጋል። የዓለም አቀፉ የንባብ ማኅበር በ2000 ባወጣው የአቋም መግለጫ የባለሙያውን ሥራ ሦስት አድርጎታል፤ ልጆችን ማስተማር፣ ችግራቸውን መመርመር፣ ለትምህርት ቤቱ የንባብ ሥራ አመራር መስጠት። አንድ ሰው ሦስቱንም እንዲሠራ ሲጠየቅ የሚመጣውን መጨናነቅ መገመት አያዳግትም።

ልጆችን ከክፍል አውጥቶ ማስተማር የተለመደው እንዴት ነው?

ነገሩ የተጀመረው በገንዘብ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የፈረሙት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ፣ «ታይትል ዋን» በሚባለው ክፍሉ፣ የድሃ ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ መደበ። ገንዘቡ ለታሰበላቸው ልጆች መዋሉን ለኦዲተር ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ይህን ለማሳየት ቀላሉ መንገድ ልጆቹን ከክፍላቸው አውጥቶ በሌላ ክፍል፣ በሌላ መምህር፣ በሌላ መጽሐፍ ማስተማር ሆነ። በዚህ መልኩ የሒሳብ አያያዝ ሥርዓት የማስተማሪያ ሥርዓት ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ።

በ1985 ፒተር ጆንስተን፣ ሪቻርድ አሊንግተንና ፒተር አፍለርባክ ያሳተሙት ጥናት የዚህን ውጤት አጋለጠ። አብዛኞቹ የክፍል መምህራን ልጆቻቸው በድጋፍ ክፍሉ ምን መጽሐፍ እንደሚያነቡ አያውቁም ነበር፤ ከድጋፍ መምህራኑም ብዙዎቹ የክፍሉን መጽሐፍ አያውቁም። ይህ ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። ጠዋት በክፍሉ የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው ሥዕሉን አይተህ ገምት ይባላል። ረፋድ ላይ በድጋፍ ክፍሉ አትገምት፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አውጣቸው ይባላል። ጎበዝ አንባቢ ሁለቱን ምክሮች አስታርቆ ይሄዳል። ደካማው፣ ማለትም ድጋፉ የተዘጋጀለት ልጅ፣ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ሁለት ሐኪሞች ሳይነጋገሩ ለአንድ በሽተኛ መድኃኒት እንደሚያዙ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ አብረው ሲወሰዱ ግን ሊጋጩ ይችላሉ።

ጊዜውም አይጠብቅም። ኮኒ ጁል በ1988 ያሳተመችው፣ በቴክሳስ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆችን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የተከታተለ ጥናት፣ በአንደኛ ክፍል መጨረሻ ደካማ አንባቢ የነበረ ልጅ በአራተኛ ክፍል መጨረሻም ደካማ የመሆን ዕድሉ 88 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። የተጠኑት ልጆች ከስልሳ በታች ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። አቅጣጫው ግን ማንኛውም የአንደኛ ክፍል መምህር በዓይኑ የሚያየው ነው።

ባለሙያው ወደ ክፍል ሲገባ

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልጁን ከማውጣት ባለሙያውን ማስገባት ይሻላል የሚለው ሐሳብ ጉልበት አገኘ። ግፊቱ በዋነኛነት የመጣው ከልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው። ሊን ኩክና ማሪሊን ፍሬንድ በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት መምህራን አንድን ክፍል በጋራ የሚያስተምሩባቸውን መንገዶች በየመልካቸው ለዩ፤ ዛሬ ስድስት ተብለው የሚጠቀሱት ከዚያ የመነጩ ናቸው። አንዱ እያስተማረ ሌላው ይመለከታል፤ አንዱ እያስተማረ ሌላው እየተዘዋወረ ያግዛል፤ ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ያንኑ ትምህርት ጎን ለጎን ይሰጣሉ፤ ልጆቹ በቡድን ሆነው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዞራሉ፤ አንዱ አብዛኛውን ክፍል ሲይዝ ሌላው ጥቂቶችን ለብቻ ያስተምራል፤ ወይም ሁለቱ እየተቀባበሉ በአንድነት ያስተምራሉ።

ስድስቱ እኩል አይደሉም። የመጨረሻው፣ ተቀባብሎ ማስተማር፣ ለተመልካች ያምራል፤ ለጀማሪ አንባቢ ግን የሚጨምርለት ትንሽ ነው፤ ልጁ አሁንም ከሃያ አራት ልጆች አንዱ ሆኖ ያዳምጣል። መመልከቱ ለአጭር ጊዜ፣ ምን እንደሚታይ አስቀድሞ ከተነጋገሩበት፣ ጥሩ ነው። ለንባብ የሚጠቅሙት ልጆቹን በትንንሽ ቡድን የሚከፍሉት ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ሃያ አራት ልጆች በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተራ በተራ ጮክ ብለው ቢያነቡ ለአንዱ የሚደርሰው ሃምሳ ሰከንድ ነው። አምስት ልጆች ያሉበት ቡድን ከሆነ ግን አራት ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ሲሳሳትም የሚሰማው መምህር አጠገቡ አለ።

እንዲህ ያለው ክፍል ሲሠራ ምን ይመስላል? ሁለተኛ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል ባለው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ጠረጴዛ የክፍሉ መምህርት ከስድስት ልጆች ጋር የሳምንቱን ታሪክ ታነባለች፤ ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ ቆማ ለምን ይመስላችኋል ትላለች። በበሩ በኩል የንባብ ባለሙያዋ ከአራት ልጆች ጋር ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊታቸው የፕላስቲክ ፊደላት አሉ። አንድ ቃል ትጠራለች፤ ልጆቹ ድምፆቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ፊደላቱን ይደረድራሉ፤ አንድ ፊደል ትቀይርና አሁንስ ምን ሆነ ትላለች። ዋናው ነገር ያለው የቃላቱ ምርጫ ላይ ነው። ባለሙያዋ የምትጠራቸው ቃላት መምህርቷ ከምታነበው ታሪክ የተወሰዱ ናቸው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቡድኖቹ ሲቀያየሩ እነዚያ አራት ልጆች ወደ ታሪኩ የሚሄዱት አስቸጋሪዎቹን ቃላት በጣታቸው ነክተው ነው። ጥምረት ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል።

ተጨማሪ ሰው ብቻውን ምን ያመጣል?

ብዙ ርእሳነ መምህራን ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ሰው ካስገባሁ ሥራዬን ጨረስኩ ይላሉ። ማስረጃው ከዚህ የጠነከረ ነገር ይጠይቃል። በቴነሲ ክፍለ ግዛት ከ1985 እስከ 1989 የተካሄደውና ስታር በሚል ስም የሚታወቀው ሙከራ ከ11 ሺህ በላይ ልጆችን በዕጣ መድቦ ሦስት ዓይነት ክፍሎችን አነጻጸረ፤ ከ13 እስከ 17 ልጆች ያሉበት ትንሽ ክፍል፣ ከ22 እስከ 25 ልጆች ያሉበት መደበኛ ክፍል፣ እና መደበኛው ክፍል ከረዳት ጋር። ትንንሾቹ ክፍሎች በግልጽ ተሻሉ። ረዳት የተጨመረላቸው ክፍሎች ግን ረዳት ከሌላቸው እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አላሳዩም። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2003 ጀምሮ በፒተር ብላችፎርድ መሪነት የተካሄደው ሰፊ ጥናት ከዚያም የከፋ ነገር አገኘ፤ ከረዳቶች ብዙ ድጋፍ ያገኙ ልጆች፣ ተመሳሳይ መነሻ ካላቸው ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ያሳዩት መሻሻል ያነሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጥፋቱን በረዳቶቹ ላይ አልጫኑም። ረዳቶቹ ያለ ዝግጅትና ከመምህሩ ጋር ሳይነጋገሩ ስለሚገቡ፣ ደካማው ልጅ ከመምህሩ ጋር የሚያሳልፈውን ጊዜ እየቀነሱበት ነበር።

በዴንማርክ የተካሄደ ሙከራ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። እዚያ በስድስተኛ ክፍል በዕጣ በተመደቡ ክፍሎች አንዳንዶቹ የመምህርነት ዲግሪ ያለው ተባባሪ፣ ሌሎቹ ዲግሪ የሌለው ረዳት ተሰጣቸው። ሁለቱም የንባብ ውጤትን ከፍ አደረጉ፤ ይበልጥ የጠቀሙትም ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆችን ነው። ከዚህ የምረዳው የዲግሪ ወረቀቱ ብቻውን ዋና እንዳልሆነ ነው። ለተጨማሪው ሰው የሚሰጠው ሥራ ምንድነው የሚለው ይበልጣል።

በጋራ ማስተማር ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ በቁጥር የተለካው ግን ጥቂት። ዌንዲ ሙራውስኪና ሊ ስዋንሰን በ2001 ሰማንያ ዘጠኝ ጽሑፎችን ሰብስበው ሲመረምሩ ውጤቱን ለማስላት በቂ መረጃ ያላቸው ስድስት ብቻ ሆነው ተገኙ። የስድስቱ አማካይ ውጤት መካከለኛና አዎንታዊ ነበር፤ ግን በስድስት ጥናት ላይ ትልቅ ቤት አይሠራም። ደግሞም አብዛኛው ጥናት ያተኮረው በልዩ ፍላጎት መምህራን ላይ እንጂ በንባብ ባለሙያዎች ላይ አይደለም። ቶማስ ስክራግስና ባልደረቦቹ በ2007 ክፍሎችን በቅርብ የተመለከቱ ሠላሳ ሁለት ጥናቶችን ሲያገናዝቡ ያገኙት ምስል ግን ለሁለቱም ይሠራል። በየትም ቦታ የበዛው አንዱ የሚያስተምርበት ሌላው የሚያግዝበት መልክ ነው፤ ብዙ የሠለጠነው እንግዳ መምህርም አብዛኛውን ጊዜ የበታች ቦታ ይይዛል።

ይህንን እኛም በሌላ መልክ እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2004 ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የገባው፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት ሰዓቱን በሙሉ ለማያ ገጹ ሰጥቶ፣ ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ተወለት። ልጆቹ ያልገባቸውን ሲጠይቁ ማያ ገጹ አይቆምም ነበር። ብዙ ጎበዝ መምህራን በገዛ ክፍላቸው ተመልካች ሆኑ። በማስተርስ የሠለጠነች የንባብ ባለሙያ በልጆች ጠረጴዛ መካከል እየተዘዋወረች እርሳስ ስትቀርጽ የሚባክነውም የዚሁ ዓይነት እውቀት ነው።

ታዲያ ከክፍል ማውጣት ክፉ ነበር? እኔ አይመስለኝም። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች የሠራበትን መንገድ አቢጂት ባነርጂ፣ አስቴር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው በዕጣ ምደባ መዝነውት ውጤቱን በ2007 አሳትመዋል። ከሰፈሩ የተቀጠረች ወጣት ሴት ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል ከክፍል አውጥታ መሠረታዊውን ታስተምራለች። የልጆቹ ውጤት በግልጽ አደገ። የልጆቹ ክፍሎች የተጨናነቁ፣ መምህሩም ሥርዓተ ትምህርቱን ለመጨረስ የሚሮጥባቸው ስለነበሩ፣ በየቀኑ በደረጃቸው የሚያስተምራቸው ሰው ማግኘታቸው ለውጥ አመጣ። ስለዚህ «ማውጣት ወይስ ማስገባት» የሚለው የረዥም ጊዜ ክርክር ከሚገባው በላይ ጉልበት የበላ ይመስለኛል። ልጁ በየትኛው ክፍል ይቀመጥ ከሚለው በፊት ሁለቱ አስተማሪዎች አንድ ዕቅድ አላቸው ወይ መባል አለበት።

ዕቅዱ የሚሠራበት ሰዓት

መምህራን ስለ ጥምረት ሲጠየቁ በየአገሩ የሚያነሱት የመጀመሪያ ቅሬታ አንድ ነው፤ አብሮ ለማቀድ ጊዜ የለም። ይህ ሰበብ አይደለም፤ የድልድል ችግር ነው። አንዲት የንባብ ባለሙያ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ላሉ ብዙ መምህራን ትደርሳለች። የእያንዳንዱ ክፍል ደረጃ መምህራን የዝግጅት ሰዓት ይለያያል፤ በዚያ ሰዓት እሷ የሌላ ክፍል ልጆች ይዛለች። አንድ መምህር በታመመ ቁጥርም ርእሰ መምህሩ ቀድሞ የሚጠራው እሷን ነው፤ ቋሚ ክፍል የላትምና። ያን ቀን ቡድኖቿ ይበተናሉ። ይህ በዓመት ውስጥ ሲደጋገም የሚሰረዘው የእነዚያ አራት ልጆች ትምህርት ነው።

ሰዓቱ ከተገኘ ምን ይደረግበት? ጥሩ የዕቅድ ስብሰባ አጭርና ስለ ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ልጁ ሲያነብ መምህሩ ስህተቱን ምልክት ያደረገበት ወረቀት ይቀመጣል። አንድ ልጅ «ሀውስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ሆርስ» ብሎ አንብቧል፤ ከታች በኩልም እንዲሁ የመጀመሪያውን ፊደል ይዞ የቀረውን ገምቷል። ባለሙያዋ መሐል ያሉትን አናባቢዎች እየዘለለ ነው ትላለች። የክፍሉ መምህር ደግሞ እኔ ታሪክ ሳነብላቸው ግን ለጥያቄዎቼ ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው ይላል። ሁለቱ አባባሎች ሲገናኙ ምርመራው ተሟላ፤ ልጁ መረዳት አያንሰውም፣ ፊደል ማውጣት ነው የጎደለው። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር በ1986 ያቀረቡት ቀላል የንባብ ቀመር ይህንኑ ይላል፤ አንብቦ መረዳት የፊደል ማውጣት ችሎታና የቋንቋ ግንዛቤ ብዜት ነው። አንደኛው ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። የመጀመሪያውን ችሎታ በደንብ የምታየው ባለሙያዋ፣ ሁለተኛውን ቀኑን ሙሉ የሚያየው የክፍሉ መምህር ነው።

በቤታቸው አማርኛ በሚነገርላቸው ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው። ልጅቷ የእንግሊዝኛውን ገጽ ሳትደናቀፍ ትወጣዋለች፤ ምን አነበብሽ ስትባል ዝም ትላለች። ቃላቱን በእንግሊዝኛ አታውቃቸውም እንጂ ሐሳቡ በአማርኛ አላት። እንዲህ ላለች ልጅ የፊደል ጨዋታ መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ መምህር፣ ወላጆች «ኢሶል» የሚሉት፣ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ይገባል፤ ሦስት ሰው ደግሞ ከሁለት የበለጠ መነጋገር ይፈልጋል። ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር በአማርኛ ማውራቱን አለመተው ነው። በቤት ቋንቋ የተገነባ እውቀት ለሁለተኛው ቋንቋ መሠረት ይሆናል፤ አማርኛ ለልጄ ንባብ እንቅፋት ሆነ ብሎ ማቆም ልጁን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱም ሁለቱ መምህራን አብረው እንዲቀመጡ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጥያቄውም አንድ ይሁን፦ በዚህ ወር ሁለታችሁም በልጄ ላይ የምትሠሩበት አንድ ነገር ምንድነው?

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚመጣው የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ይህን ሪፖርቶች ለዝበው ያልፉታል። ክፍሉ የማን ነው? ስም ዝርዝሩ በክፍሉ መምህር ስም ነው፤ ወላጅ የሚደውለው ለእሱ ነው፤ ልጆቹ ሲፈተኑ ውጤቱ የእሱ ነው። ባለሙያዋ እንግዳ ናት፤ ግን ብዙ የተማረች እንግዳ። መምህሩ የርእሰ መምህሩ ዓይን ሆና መጣች ብሎ ከጠረጠረ በሩን ቢከፍትም ልቡን አይከፍትም። የባለሙያው ሥራ መምህሩን መገምገም እንዳይሆን የሙያው ሰዎች አጥብቀው የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ረዥም ዘመን የንባብ ባለሙያዎችን ሚና ያጠናችው ሪታ ቢን በሥራዎቿ ደጋግማ የምትመለስበት ነጥብ መሪነቱ ከሹመት ሳይሆን ከመተማመን እንደሚመነጭ ነው። እኔ የምጨምረው፣ መተማመን የሚገነባው በመከባበር ንግግር ሳይሆን በትንሽ ሥራ ነው፤ ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ወር ምክር በመስጠት ሳይሆን በጣም አስቸጋሪ የሆኑትን አራት ልጆች በመያዝ ብትጀምር መምህሩ ራሱ ይጠራታል።

ባለሙያው ከልጆች ይልቅ መምህሩን ሲያግዝስ? ማቲው ክራፍትና ባልደረቦቹ በ2018 ስልሳ ጥናቶችን አጠቃለው፣ አሰልጣኝ በክፍል ውስጥ እየተገኘ መምህሩን ሲያግዝ የማስተማር ጥራት በደንብ እንደሚያድግ፣ የልጆቹም ውጤት በመጠኑ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ፕሮግራሞቹ በሰፉ ቁጥር ግን ውጤቱ ይቀንሳል። የንባብ አሰልጣኞችንም ያሰማራውና ከ2002 ጀምሮ በዓመት አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት «ሪዲንግ ፈርስት» የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ለዚህ ምስክር ነው፤ በ2008 የወጣው ግምገማ በአንደኛ ክፍል የፊደል ማውጣት ችሎታ ላይ መሻሻል ሲያገኝ አንብቦ በመረዳት ላይ ለውጥ አላገኘም። በሌላ በኩል ሚሲሲፒ በ2013 ባወጣው ሕግ ደካማ ወደሆኑት ትምህርት ቤቶች የንባብ አሰልጣኞችን ልካ፣ መምህራንን በሰፊው አሠልጥና፣ በብሔራዊ ፈተና የአራተኛ ክፍል የንባብ ውጤቷን ከ209 በ2019 ወደ 219 አድርሳ ከአገሪቱ አማካይ ጋር ተስተካክላለች። ሕጉ ሦስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ እንዳያልፍ ስለሚያግድ፣ ምስጋናው ሁሉ የአሰልጣኞቹ ነው ማለት አይቻልም። ድርሻቸው ግን ትንሽ አይመስለኝም።

በኢትዮጵያ ክፍሎች

በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ክሂል ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው አንድም የመረዳት ጥያቄ አልመለሱም። ከዚያ በኋላ በትምህርት ሚኒስቴርና በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዲስ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ መምህራንም ሠለጠኑ። መጽሐፍና ሥልጠና አስፈላጊ ነው። በመጽሐፉ ማንበብ ያልቻለው ልጅ ግን የቱ ጋ እንደቆመ አጠገቡ ሆኖ የሚመረምር ሰው እስካሁን በመዋቅሩ ውስጥ የለም። በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የንባብ ባለሙያ የሚባል የሥራ መደብ አላየንም።

ፊደላችን እንዲህ ያለ ባለሙያ አያስፈልገውም የሚል ሊኖር ይችላል፤ የተጻፈው የሚነበበው እንዳለ ነው ይባላልና። ግን ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲባዙ 231 ናቸው፤ የሳድሱ ቅርጽ ከፊደል ፊደል ይለያያል፤ መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ አይታይም። «አለ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል አውጥቶ ያነበበ ልጅ ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት ከዓረፍተ ነገሩ ካልያዘው አነበበ አይባልም። የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚወጣ፣ ከመሐል አንድ ፊደል ሲጠቁሙት ግን የሚጠፋው ልጅ በየክፍሉ አለ። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ፊደል ቆጠራ፣ አቡጊዳ፣ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ ደረጃ በደረጃ የሚያስኬዱት፣ ቀድሞ የሄደው ተማሪ ጀማሪውን አጠገቡ አስቀምጦ የሚያስጠናውም ያለ ምክንያት አይደለም። የንባብ ትምህርት የሁለተኛ ሰው ጆሮ እንደሚፈልግ እዚያ የታወቀ ነው።

በፖሊሲ 50 ተማሪ ጣሪያ ተብሎ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ በሚቀመጥበት ክፍል የአሜሪካን አሠራር እንዳለ ማምጣት አይቻልም። የሚቻሉ ነገሮች ግን አሉ። አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚያስተሳስሩ የጉድኝት ማዕከላትና ትምህርት ቤቶቹን የሚጎበኙ ሱፐርቫይዘሮች አሉን። ኬንያ ከ2015 ጀምሮ «ቱሶሜ» በተባለው አገር አቀፍ ፕሮግራም ተመሳሳይ የመንግሥት ሠራተኞችን ታብሌት አስይዛ፣ ክፍል ገብተው ትምህርቱን እንዲከታተሉ፣ ጥቂት ልጆችን እንዲያስነብቡና ከመምህሩ ጋር እዚያው እንዲነጋገሩ አደረገች፤ የልጆቹ ንባብ ተሻሻለ። የእኛ ሱፐርቫይዘር ብዙ ጊዜ የሚፈትሸው የትምህርት ዕቅድ መኖሩን፣ ፋይሉ መሟላቱን ነው። ቅጹ ላይ ሦስት ልጆችን አስነብብ የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ሥራው ይለወጣል። በአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከላት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዘዋወሩ መምህራንም ተመድበዋል፤ እነሱም ንባብ ላይ ቢሠለጥኑ የንባብ ባለሙያነት ዘር ከዚያ ሊበቅል ይችላል። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ከሁለተኛ ክፍል መምህራን መካከል ንባብ የሚያስተምረው በጣም የሚዋጣለት ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እሱ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ወደ ሌሎቹ ክፍል ገብቶ ያልቻሉትን ልጆች በቡድን ቢይዝ፣ የክፍሉ መምህርም የቀሩትን ቢይዝ፣ አዲስ ቅጥር አይጠይቅም። የማስተማር ጫናው ላይ ግን እነዚያ ክፍለ ጊዜዎች መቀነስ አለባቸው፤ በነፃ የሚሠራ ትጋት ከአንድ መንፈቅ አያልፍም።

ለክልል ትምህርት ቢሮዎችና ለርእሳነ መምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በሚመጣው መስከረም የክፍለ ጊዜ ድልድል ስትሠሩ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል የአፍ መፍቻ ቋንቋ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ነፃ የሚሆኑበትን ሰዓት በድልድሉ ላይ ጻፉት፤ ሌላ ስብሰባም አታስገቡበት።